የኮቸሬ ጥሬ ቡና ቤት ስቆላው የአበባው ሽታ የት ይገባል?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ለሥራ ዲላ ይመላለሳል። ሰሞኑን ሲመለስ ከኮቸሬ፣ ከይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው፣ ጥሬ ቡና አመጣልኝ። የታጠበ ነው፣ ከአንድ ማጠቢያ ጣቢያ የወጣ፣ ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር ያልተቀላቀለ። ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ጥሬውን ሲያሸቱት እንኳ ደስ ይላል። ወንድሜ እዚያው ሲያቀምሱት የአበባና የሎሚ ልጣጭ ጣዕም ነበረው፣ ቀለል ያለ ነው፣ ቡና የጠጣሁ አልመሰለኝም እያለ እስካሁን ያወራል።

እኔ ቤት ስቆላው ግን ያ ጣዕም የለም። መጥፎ አይደለም፣ ሲቆላ ቤቱን ያውደዋል፣ ስጠጣው ግን ከሰፈር ሱቅ ከምገዛው አልለይ አለኝ። የምቆላው በብረት ምጣድ ነው። አጥበዋለሁ፣ መካከለኛ እሳት ላይ አደርገዋለሁ፣ ጠቁሮ ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ አማስለዋለሁ፣ እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ወዲያው ፈጭቼ በጀበና አፈላዋለሁ። ቪ60 የሚባለውን የቡና ማጥለያ ከነፊልተር ወረቀቱ ገዝቼ በሱም ሞከርኩት፣ ጭራሽ መረረኝ።

እስከ ምን ድረስ ነው የሚቆላው? እንደተቆላ ይጠጣ ወይስ ይቆይ? ውሃውስ ስንት ዲግሪ ይሁን፣ ቴርሞሜትር የለኝም። የቤት መቁሊያ ማሽን ግዢ የሚሉኝም አሉ፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። እንዲህ ያለ ቡና ሁልጊዜ አይገኝም፣ የቀረኝን በደንብ አውቄው መጠጣት እፈልጋለሁ።

ቀማሽ

እህቴ፣ መልሱ ራሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። «ዘይቱ እስኪወጣ» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ።

ቡና ሲቆላ ሁለት ጊዜ ይንጣጣል። የመጀመሪያው፣ ፈርስት ክራክ የሚባለው፣ የፍሬው ሙቀት 196 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይመጣል። ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሲሰነጥቀው ነው፣ ድምፁ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የምትሰሚው ዓይነት ነው። ሁለተኛው 224 አካባቢ ይመጣል፣ ድምፁ ቀጠን ያለና የተደራረበ ነው። ዘይቱ ገጹ ላይ መታየት የሚጀምረው እዚህ ሁለተኛው አካባቢ ነው። የአበባውንና የሎሚውን ጣዕም የሚሰጡት ነገሮች ደግሞ ቶሎ የሚጠፉ ናቸው፣ በሁለቱ መሃል እየሳሱ ይሄዳሉ፣ በቦታቸው የመቆላቱ ጣዕም ይገባል፤ መጀመሪያ ካራሜል፣ ቀጥሎ ቸኮሌት፣ ከዚያ ጭስና ምሬት። እዚያ ከደረሰ የኮቸሬውም የጅማውም የብራዚሉም ቡና ይመሳሰላል። አንቺ ስትጠጪ የነበረው አቆላሉን ነው።

ማሽን አያስፈልግሽም። ምጣዱ ይበቃል፣ ግን በአንድ ጊዜ ከ100 ግራም በላይ አትቁዪ፣ ሲበዛ አንዱ ያራል ሌላው ጥሬ ይቀራል። ምጣዱን አስቀድመሽ አሙቂው፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እጅሽ ከማማሰል አይረፍ። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የገብስ ቆሎና የዳቦ ሽታ ያመጣል፣ ይሄ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይወስዳል። ወደ ቡናማ መዞር ሲጀምር እሳቱን ጥቂት ቀንሺ። 8 ደቂቃ አካባቢ መንጣጣት ይጀምራል። አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ሲንጣጣ አትቁጠሪ፣ ተከታትሎ መንጣጣት ሲጀምር ሰዓት ያዢ፣ ከዚያ ከ1 ደቂቃ እስከ 1 ደቂቃ ተኩል ቆይተሽ አውጪው። ለዓይንሽ ገና ያልደረሰ ይመስልሻል፣ አይዞሽ። ፍሬው ደረቅ መሆን አለበት፣ ገጹ ካብረቀረቀ አልፏል። የጭስ መሳቢያ ካለሽ ድምፁን እንዳይሸፍንብሽ አጥፊውና መስኮት ክፈቺ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ማቀዝቀዙን ነው። ብረት ሙቀት ይይዛል፣ ከእሳት ማውረድ ብቻ አይበቃም፣ እዚያው ላይ መቆላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጪው፣ አራግቢው፣ 4 ደቂቃ ሳይሞላ በእጅ የሚያዝ ይሁን። ሰፌዱ ገለባውንም ያነፍስልሻል።

የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ ከዓይን የተሻለ ነገር አለ። 100 ግራም ጥሬ ቡና ተቆልቶ ከ86 እስከ 88 ግራም ከመዘነ ጥሩ ቦታ ላይ ነሽ። 82 ከሆነ የአበባውን ነገር እርሺው።

መቆየቱን በተመለከተ፣ አዎ ይቆይ። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታመቀ ነው፣ ውሃው ቡናው ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ጣዕሙም የተዘጋ ይሆናል። ቢያንስ 3 ቀን፣ እንዲህ ቀለል ተደርጎ የተቆላ ከሆነ ደግሞ ሳምንት ቢደርስ ይሻላል። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው፣ የምትፈጪው ልትጠጪ ስትይ ብቻ ይሁን።

የጌዴኦ ልጅ

ተወልጄ ያደግኩት ይርጋጨፌ ነው፣ ስለ ቡናው ትንሽ ልጨምር።

ገበያ ላይ «ይርጋጨፌ» ሲባል ከተማዋ ብቻ አይደለችም። ኮቸሬውም ጌዴቡም ወናጎውም በዚሁ ስም ሲሸጥ ኖሯል። የምርት ገበያው በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከተቋቋመ በኋላ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ አንድ ላይ ይሸጥ ስለነበር፣ ይሄ ቡና ከየትኛው ጣቢያ ነው፣ ከየትኛው ገበሬ ነው ብሎ መከታተል አስቸጋሪ ነበር። ከ2017 በኋላ ሕጉ ሲለወጥ ነው የጣቢያና የገበሬ ስም ይዞ መውጣቱ የሰፋው። በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ ያሸነፈው የሲዳማ ገበሬ ቡና ነው። እና ወንድምሽ የጣቢያውን ስም አውቆ ቡና ማምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። የጣቢያውን ስምና የተለቀመበትን ጊዜ ጠይቂውና ከረጢቱ ላይ ጻፊው።

ያ የአበባ ሽታ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ አንዱ ከፍታው ነው። እኛ ጋ ቡና ከ1,700 ሜትር በላይ እስከ 2,000 እና ከዚያም በላይ ይበቅላል። ብርድ ስለሆነ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ቡናው ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፣ ይሄ የጌዴኦ አስተራረስ በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ነው። ሁለተኛው ዝርያው ነው። ገበሬው ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ እያለ የሚጠራቸው የአገር ዝርያዎች አሉ፣ አንቺ ትንንሽ ያልሽው ፍሬ ኩሩሜ ሊሆን ይችላል። ከጅማ ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የሚባሉትም ትንንሽ ናቸው። ቁጥሩ የሚጀምረው በ74 የሆነው በ1974 ስለተመረጡ ነው፣ ያኔ አገሩን የያዘውን የቡና በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ይፈለግ ነበር።

ሦስተኛው መታጠቡ ነው። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይብላላል፣ የሚያሟልጨው ነገር ሲለቅ በውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ እየተገለበጠና በሴቶች እጅ እየተለቀመ ይደርቃል። ይሄ ሁሉ ሥራ ያንን ንጹሕ ጣዕም ለማውጣት ነው። ከነገለባው ከደረቀው ቡና ጋር አታወዳድሪው፣ እሱ ሌላ ዓይነት ጣፋጭ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ከበድ ይላል።

አሁን ለአንቺ የሚጠቅም ነገር። ከመቁላትሽ በፊት ትሪ ላይ ዘርግተሽ ልቀሚው። ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ስባሪ አውጪ። ከተቆላ በኋላም አንዴ እይው፣ ሌላው ቡናማ ሲሆን ገርጥቶ የሚቀር ፍሬ አይጠፋም። እሱ ሳይበስል የተለቀመ ነው፣ ጥቂቱ እንኳ ስኒው ላይ የኦቾሎኒና የወረቀት ጣዕም ያመጣል።

እና አንድ ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ልበል። ለውጭ ገበያ ደረጃ ያለፈ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ነበር። ከተማ ውስጥ ስንጠጣ የኖርነው ከዚያ የተረፈውን ነው፣ ስባሪው፣ ጥቁሩ፣ ያረጀው ያለበት። እንዲህ ያለውን ቡና ጠቆር አድርጎ መቁላት ትክክል ነው፣ ጉድለቱን ይሸፍናል። እናቶቻችን ያወቁት በደረሳቸው ቡና ልክ ነው። አሁን ግን አንቺ እጅ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ የሚሸፈን ነገር የለበትም።

እናት ጀበና

ልጄ፣ የወጣቶቹን ምክር አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። ግን ጀበናውን ትተሽ ወደ ወረቀቱ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።

ማጠቡን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቡና የምናጥበው አቧራውንና ገለባውን ለማስለቀቅ ነው። የአንቺ ቡና ጣቢያ ላይ ታጥቦ፣ በእጅ ተለቅሞ የመጣ ነው። እርጥብ ሆኖ ምጣድ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ውጩ ቀድሞ ይለወጣል፣ ውስጡ ይዘገያል። ማጠብ ካማረሽ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፣ ከዚያ ቁዪ።

ለጀበና ስትቆዪ እነሱ ካሉት ትንሽ ጨምሪበት። መጀመሪያ የሚንጣጣው ዝም ብሎ፣ ሁለተኛው ሳይጀምር፣ መሃሉ ላይ። ቀለሙ የቀረፋ ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ ዘይት ግን የለውም። በጣም ቀለል ያለው ቡና ጀበና ውስጥ ሲፈላ ይጎመዝዛል፣ እኔ አልወደውም።

አፈላሉ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ውሃው ብቻውን ይፍላ። ቡናውን ከዚያ ጨምሪና እሳቱን ቀንሺ፣ አንገቱ ጋ ገንፈል ሲል አውርጂው። መልሰሽ አታፍዪው። ጥግ ላይ አዘንብለሽ አስቀምጪው፣ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይጥለል፣ ሳትነቀንቂ ቅጂ። ግማሽ ሊትር ለሚይዝ ጀበና 35 ግራም ያህል ይበቃል፣ አወፋፈጩም እንደ ዱቄት አይላም። አቦሉን ጠጪ። ቶናና በረካ ከፈለግሽ ሌላ ቡና ጨምሪበት፣ እንዲህ ያለ ቡና አንዴ ከፈላ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ቢጨመርበት የሚሰጠው ነገር የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሳምንት ይቆይ የሚሉትን ለራስሽ አድርጊው። እንግዳ ሲመጣ ግን ፊቱ ላይ የተቆላውን፣ ሽታውን ያሸተተውን ነው የምታቀርቢለት። ባለፈው ሳምንት የቆላሁት አለ ተብሎ እንግዳ አይስተናገድም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ የምቆላው ዶሮ ወጥ በማይሠራበት ቀን በረንዳ ላይ በፈንዲሻ ማሽን ነው፣ አፓርታማ ውስጥ ጭስ ስለማይቻል። በሞቃት አየር የሚሠራው ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ይፈጥናል፣ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ምጣድ ያላችሁ ምጣዱን አትናቁት።

የምጽፈው ስለ ውሃው ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አዲስ አበባ ላለ ሰው አይሠራም። «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ» ይሉሻል። ይሄ እንደኛ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ነው፣ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ለቡና የሚመከረው ከ90 እስከ 96 ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር አያስፈልግሽም፣ አትጠብቂ፣ እየተንፈቀፈቀ አፍስሺው። ከጠበቅሽ 88 እና 86 ይወርዳል፣ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ሙቀት ካላገኘ ጣዕሙን አይለቅም። ማንቆርቆሪያውን በየመሃሉ እሳት ላይ መልሺው፣ ቪ60ውንም ስኒውንም አስቀድመሽ በሙቅ ውሃ አሙቂ፣ ወረቀቱም በዚያው ይታጠብ፣ አለዚያ የወረቀት ጣዕም ይሰጣል።

ልኬቱ 15 ግራም ቡና ለ240 ግራም ውሃ። መጀመሪያ 45 ግራም ውሃ አፍስሺና 40 ሰከንድ ተዪው፣ ሲነፋና አረፋ ሲያወጣ ታዪዋለሽ። ከዚያ ቀሪውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍለሽ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ሁሉም ወርዶ 3 ደቂቃ አካባቢ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው። አሁን መረረኝ ያልሽው አንዱ ምክንያት አቆላሉ ነው፣ ሌላው ግን ለጀበና የተፈጨውን ቡና ተጠቅመሽ ከሆነ በጣም ልሞ ውሃው ስለሚታገት ነው።

የገርጂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናታችን፣ ያሉኝን ጀበና አፍልቼ ለባለቤቴ ሰጠሁት፣ ሌላ ስኒ ጠየቀ፣ እሱ ቡና ደጋሚ አልነበረም። እንግዳው ላይ ያሉትንም ተቀብያለሁ።

ቀማሽ ባለው ቆልቼ አቆየሁት፣ 87 ግራም መጣ። ዕቃውን ስከፍተው ሽታው አለ! አበባ ነው፣ ወንድሜ እውነቱን ነው። ቪ60 ላይ ግን ጎመዘዘኝ፣ ሳሳም። ይሄ ጎምዛዛው ነው እንዴ አሲድ እያላችሁ የምታሞግሱት? ከሆነ እኔ አልለመድኩትም ማለት ነው።

ቀማሽ

አይደለም፣ ለመልመድም አትሞክሪ። ጥሩው አሲድ ከጣፋጭነት ጋር ነው የሚመጣው፣ የበሰለ ብርቱካን ስትበዪ እንደሚሰማሽ፣ ምራቅ ይሞላልና ያልቃል። አንቺ የቀመስሽው ጣፋጩ ሳይወጣ የቀረውን ነው። ቡና ውስጥ ጎምዛዛው ቀድሞ ይወጣል፣ ጣፋጩ ይከተላል፣ ምሬቱ መጨረሻ ነው። ሳስቶና ጎምዝዞ ከመጣ ውሃው ሥራውን ሳይጨርስ ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አፈጫጨቱን አንድ ደረጃ አልሚው፣ ሌላ ምንም አትለውጪ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እዪ፣ 2 ደቂቃ ላይ ያልቅ የነበረው ወደ 3 ከተጠጋ ጣፋጩ ይመጣል።

ጥፋቱ ከአቆላሉ ይሁን ከአፈላሉ ለመለየት ግን እኛ በሥራ ላይ የምናደርገውን አድርጊ፣ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ብርጭቆ ውስጥ 8 ግራም ከሩብ ቡና ሻካራ አድርገሽ ፈጭተሽ ጨምሪ፣ ሚዛንሽ ነጥብ የማያነብ ከሆነ 8 ይሁን፣ 150 ሚሊ ሊትር እየፈላ ያለ ውሃ አፍስሺበት፣ አትንኪው። 4 ደቂቃ ላይ ከላይ የተጋገረውን በማንኪያ ሰብሪው፣ ስትሰብሪ አፍንጫሽ ብርጭቆው ላይ ይሁን፣ ሽታው ከሁሉም በላይ የሚወጣው ያኔ ነው። አረፋውን ቅፈፊና ጣይው። ሌላ 6 ወይም 7 ደቂቃ ቆይተሽ በማንኪያ እየወሰድሽ በድምፅ ሳብ አድርገሽ ቅመሺ፣ ማፈር የለም፣ አየር ካልገባበት ሽታው ወደ አፍንጫ አይወጣም። እየበረደ ሲሄድ መቅመሱን አታቁሚ። የኮቸሬ ቡና የሚናገረው ለብ ሲል ነው፣ ትኩሱን ብቻ የጠጣ ሰው ግማሹን አጥቷል።

ብርጭቆው ላይ ጥሩ ሆኖ ቪ60 ላይ ከጎመዘዘ አቆላልሽ ልክ ነው፣ አፈላሉን አስተካክዪ። ብርጭቆውም ላይ የሣር ወይም የጥሬ ባቄላ ጣዕም ካለው ውስጡ አልበሰለም፣ በሚቀጥለው ከመንጣጣቱ በኋላ 20 ሰከንድ ጨምሪለት። የሚቻልሽ ከሆነ ሦስት ጊዜ ቁዪ፣ አንዱን ተከታትሎ መንጣጣት ከጀመረ 45 ሰከንድ ላይ፣ አንዱን 1 ደቂቃ ከሩብ፣ አንዱን 2 ደቂቃ ላይ አውጪ፣ ብርጭቆዎቹን ከሥር ምልክት አድርገሽ ባለቤትሽ ያቀያይርልሽ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ የመረጥሽው ነው ያንቺ አቆላል። እኔ በዚህ ቡና መሃለኛውን እገምታለሁ፣ እናታችን ሦስተኛውን ይመርጣሉ፣ ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን።

የጌዴኦ ልጅ

የቀረሽን ጥሬ ቡና አያያዝ ማንም አልነገረሽም። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረሽ ፀሐይ ያለበት መስኮት ጋም አታስቀምጪው። ጥሬ ቡና ሲደርቅ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ላይ ነው፣ ከዚያ በታች ከደረቀ ይገረጣል፣ የገለባ ጣዕም ያመጣል፣ ከላይ ከሆነ ይሻግታል። ወፍራም የወረቀት ወይም የጨርቅ ከረጢት፣ ጨለማ ያለ ቁም ሳጥን፣ ከቅመምና ከሳሙና ራቅ ያለ፣ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣልና። እንደዚያ ከተያዘ እስከሚቀጥለው ለቀማ ያደርስሻል። እኛ ጋ ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ታጥቦና ደርቆ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምሽ በዚያ ሰሞን ዲላ ከሄደ ከኮቸሬው ጋር ከጌዴብም ትንሽ ያምጣልሽ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ብርጭቆ ላይ ስታደርጊያቸው ልዩነታቸውን ራስሽ ታገኚዋለሽ።